ሁለት ሆነው መጡ

ሺኖ እንደ ወትሮዋ ከሁሉም ቀድማ ነቃች። ያደሩበት ቤት ሴቶች ገና ምድጃውን እያነደዱ ነበር። በጓሮው ገንዳ ፊቷን ታጠበች፤ ጸጉሯን አሰረች፤ የተኛችበትን ፍራሽ አጥፋ ጥግ አስያዘች። ቁርሱ ገብስ የተቀላቀለበት ሩዝ፣ የአኩሪ አተር ሾርባና በጨው የዋለ ሁለት ቁራጭ ፍጅል ነበር። መመገቢያ እንጨቶቿን ከማንሣቷ በፊት ወደ ሰሜን ዞራ ጎንበስ አለች።

በዚህ ሰዓት ባሏ ያሄይ የእሷን ገበታ እያስቀመጠ ነው።

በሚኖ ተራሮች ሥር ባለችው በኩዙሃራ መንደር፣ ሰው መንገድ ሲወጣ ቤት የቀረው በየማለዳው ገበታ ያቀርብለታል። ክዳን ባለው ሳህን ትኩስ ሩዝ፣ ሾርባ፣ ቤት ያፈራው ሁሉ ይቀርባል፤ መንገደኛው በሄደበት እንዳይራብ። ገበታው ሲነሣ ክዳኑ ሥር ጤዛ ከተገኘ መንገደኛው ደኅና ነው። ሺኖና ያሄይ ልጅ አልነበራቸውም። ቤት የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ታምሞ። እሷ ስትወጣ ትኩሳቱ ከያዘው አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ታናሽ ወንድሙ ማጎሺቺና ሚስቱ እየተመላለሱ ሊያስታምሙት ቃል ገብተዋል። የገበታውን ነገር ግን ያሄይ ለማንም አልሰጠም።

«እሱን እኔ ነኝ የማስቀምጠው» ብሏት ነበር። «በእንፉቅቅም ቢሆን ምድጃው ድረስ እደርሳለሁ። አንቺ ብቻ ክዳኑን እንዳታደርቂብኝ።»

ይህ ከተባለ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። የአንሴይ ዘመን አምስተኛ ዓመት፣ ዘጠነኛው ወር፣ አሥራ ስድስተኛው ቀን።

«ያሄይ የሚባለው ማነው?» አለ የማደሪያው ባለቤት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሣር ባርኔጣ ቀና ብሎ እያነበበ።

«እኔ ነኝ» አለች ሺኖ የገለባ ጫማዋን እያሰረች።

«አንቺ? ጢምሽን ታዲያ የት ጣልሽው?»

«ወንዝ ስንሻገር ውኃ ወሰደው» አለ አብሯት የሚጓዘው ሽማግሌ ኪዩቤ ከኋላ፣ ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ እየወጣ። «አንተ ሰውዬ፣ ፍራሽህ ውስጥ ያለው ጥጥ ነው ድንጋይ? ስልሳ ሦስት ዓመት በርሜል ስጠርብ እንዲህ አላመመኝም።»

«አባባ፣ እርስዎ እኮ የተወለዱት ከስልሳ ሦስት ዓመት በፊት ነው» አለች ሺኖ።

«ታዲያስ? ስወለድም መጥረቢያ ይዤ ነው።»

ባርኔጣው የያሄይ ነበር። የኩዙሃራ ሃያ ሦስት ቤቶች አንድ ማኅበር አላቸው። በየዓመቱ ዕጣ ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣለት ስለ ሁሉም ሆኖ ወደ ኢሴ ቤተ መቅደስ ይሄዳል፤ የታላቋን አምላክ የበረከት ሰሌዳ በሣጥን ተሸክሞ ይመለሳል። በጸደይ ዕጣው ለያሄይ ወጣ። ስሙና የመንደሩ ስም ባርኔጣው ላይ በቀለም ተጻፈ። በስምንተኛው ወር ትኩሳቱ መንደሩ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ በሽተኛ ያላስተኛ ቤት አልቀረም፤ ያሄይም ወደቀ። ዕጣ አንዴ ከወደቀበት ቤት ወደ ሌላ አይዛወርምና ባርኔጣውን ሺኖ አነሣች። ወኪል በላኪው ስም ይሄዳል፣ በላኪው ስም ይጸልያል። አብሯት እንዲሄድ ማኅበሩ ኪዩቤን መረጠ። ኪዩቤ እምቢ አላለም፤ ሚዮ የምትባለው የልጅ ልጁ ከታመመች ሳምንት ሆኗት ነበር።

መንገዱን ከጀመሩ ብዙም ሳይቆዩ ከኋላቸው የሚሮጥ ሰው ኮቴ ተሰማ። ሺኖ ዞር አለች። ደብዳቤ አመላላሽ ነበር፤ ሣጥኑን በዱላ ትከሻው ላይ አንግቦ እያለከለከ አለፋቸው።

«አንድ ነው» አለ ኪዩቤ ሳይጠየቅ።

«አይቻለሁ።»

«አንድ ሰው የሚያመጣው የነጋዴ ወሬ ነው።»

መርዶ በእነሱ አገር በአንድ ሰው አይሄድም። ሁልጊዜ ሁለት ናቸው፤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ብቻውን የሄደውን የሞተው ሰው መንፈስ መንገድ ላይ ያስቀረዋል ይባላል። ኩዙሃራ ውስጥ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሆነው ሲፈጥኑ ያየች ሴት በር ላይ ቆማ ወደ ማን ቤት እንደሚታጠፉ ትጠብቃለች።

«የታካሂራውን ሳኩዞን ታስታውሺዋለሽ?» አለ ኪዩቤ።

«ጎማዳውን?»

«ጎማዳውን። ለመንደሩ ወኪል ሆኖ መጥቶ አንድ እግሩን የኢሴው ድልድይ ላይ አድርጎ ሳለ የእናቱን መርዶ ነገሩት። አንድ እግሩን! ተመለሰ። ምን ያድርግ? የሞት እድፍ ያለበት ሰው የቤተ መቅደሱን የምሰሶ በር አያልፍም፤ ካለፈም በረከቱ መርገም ይሆናል። ባዶ እጁን ገባ። እስኪሞት ድረስ ልጅ በታመመ ቁጥር እሱን ነበር የሚያዩት።»

«እናቱ የሞተችው ግን ከዚያ በፊት ነበር።»

«ከአምስት ቀን በፊት።»

«አምስቱን ቀን ታዲያ ንጹሕ ነበር?»

«የሚቆጠረው ከሰሙበት ሰዓት ነው። ባልሽ ይሙት አባትሽ፣ አሥራ ሦስቱ የኀዘን ወር የሚጀምረው ጆሮሽ ውስጥ ሲገባ ነው። ያልሰማ ንጹሕ ነው።» ኪዩቤ ድንገት ቆመ። «ለምንድን ነው የምትጠይቂኝ?»

«እንዲሁ ነው አባባ። ራስዎ ጀምረውት።»

«እኔማ አፌ ነው፤ አፌን መቼም ታውቂዋለሽ» አለና ከዚያ በኋላ እስከ ወንዙ ድረስ ስለ ዓሣ ብቻ አወራ።

ሚያ ወንዝ ሲደርሱ ቀትር ሆኖ ነበር። ከየአገሩ የመጣ ተሳላሚ ዳርቻውን ሞልቶታል። ከዚህ ወንዝ ወዲያ የቤተ መቅደሱ ምድር ነው፤ ኀዘን ያለበት ሰው ከዚህ አያልፍም። ሰዎች ጎንበስ እያሉ እጃቸውንና አፋቸውን ይታጠባሉ። ሺኖም ታጠበች። ጀልባው ውስጥ ከአምስት ሴቶች፣ ከአንድ መነኩሴና ከአንድ ነጭ ውሻ ጋር ተቀመጡ፤ የውሻው አንገት ላይ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት እንጨት በገመድ ተንጠልጥሏል።

«ይኸው ሌላ ወኪል» አለ ቀዛፊው ባርኔጣዋን እያየ። «ጌታው ታሞ ውሻውን ላከ። እሱም እንዳንቺ የሰው ስም ተሸክሞ ነው የሚዞረው።»

«እሱስ ምስኪን ዝም ብሎ ነው የሚሄድ» አለች አንዷ ሴት፤ ጀልባው በሳቅ ተሞላ። ሺኖም ፈገግ አለች። ቀዛፊው በረጅሙ እንጨት ዳሩን ገፋ፤ ጀልባው ከአሸዋው ተላቀቀ።

ያየቻቸው ያኔ ነው።

በደለሉ ላይ፣ በሸምበቆው መካከል፣ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። አይሮጡም፤ መራመድም አይባልም። ትከሻ ለትከሻ ናቸው። አንደኛው ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው። ማጎሺቺ ልጅ ሳለ ከፍሬ ዛፍ ላይ ወድቆ ትከሻው እንደዚያ ቀርቷል። ሁለተኛው ጎረቤታቸው ዴንጂ ነው፣ ጣሪያ ከዳኙ።

ኪዩቤም አያቸው።

ማጎሺቺ ባርኔጣውን ለየው። ከጓደኛው ነጠል ብሎ ወደ ውኃው ሮጠ፤ ሁለት እጁን አፉ ዙሪያ አደረገ። «እት…»

«ማጎሺቺ!»

በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳሯ የሺኖን ድምፅ ከጓሮዋ ውጭ የሰማው ሰው የለም። ጀልባው ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ቆማ ነበር።

«አፍህን ያዝ! አንዲት ቃል እንዳትወጣህ! እዚያው ቆዩኝ፤ እመለሳለሁ!»

የማጎሺቺ እጆች ለጩኸት እንደተዘጋጁ አየር ላይ ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብሎ አፉ ላይ ጫናቸው። ዴንጂ ደረሰበት፤ ሁለቱም አሸዋው ላይ ተንበረከኩ።

ቀዛፊው እንጨቱን አነሣ። «ዘመዶችሽ ናቸው እንዴ? ልመለስ?»

«አይመለሱ።»

«ከሩቅ የመጡ ይመስላሉ። ወሬ ባይኖራቸው…»

«ይቅዘፉ አባቴ» አለች። «እባክዎ ይቅዘፉ።»

ተቀመጠች። ውሻው መጥቶ እግሯ ሥር ተኛ። ከዚያ በኋላ ጀልባው ውስጥ የቀለደ የለም።

ማዶ ሲወርዱ ኪዩቤ ክንዷን ይዞ ከሕዝቡ ራቅ አደረጋት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሺኖ፣ ልጄ፣ አይተሻል እኮ።»

«ሁለት ሰው አየሁ።»

«ሁለት ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ…»

«ሁለት ሰው ለንግድም ይሄዳል። ዴንጂ ገመድ ሊገዛ ይሆናል።»

«እዚህ ድረስ? ገመድ?»

«የነገረኝ ሰው አለ አባባ? እርስዎ ሰምተዋል?»

ሽማግሌው ወንዙን አየ። በወዲያኛው ዳር ሁለቱ ሰዎች እንደ ድንጋይ ተቀምጠዋል። የሚዮ ነገር በሐሳቡ እንደመጣ ሺኖ አወቀች፤ እንዲመጣበትም ፈልጋ ነበር። ትንሿ ልጅ የምትነሣው በዚህ ሰሌዳ እንደሆነ እሱ አይጠራጠርም።

«አልሰማሁም» አለ በመጨረሻ።

«እኔም አልሰማሁም። እንሂድ።»

ያን ዕለት ማታ ያረፉት ተሳላሚዎችን በሚያስተናግደው ካህን ቤት ነበር። የሐር ፍራሽ፣ ቀይና ጥቁር የተቀባ ገበታ፣ ሙሉ የባሕር ዓሣ ቀረበላቸው፤ በኩዙሃራ በዘመን አንዴ እንኳ የማይታይ ነገር። ሺኖ የሳህኗን ክዳን አነሣች። የክዳኑ ውስጥ በጤዛ ተሞልቶ ነበር። አንዷ ጠብታ ወደ ጠርዙ ተንሸራታ ወደቀች። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

«አትበዪም?» አለ ኪዩቤ በዝግታ።

«እየበላሁ ነው።»

ከራት በኋላ ነጭና ቀይ የለበሱ ልጃገረዶች እጀታ ያላቸው ደወሎች ይዘው በአማልክት ፊት አሸበሸቡ። ዋሽንቱ ቀጭን ነበር፤ ከበሮው ደግሞ እንደ ልብ ምት አዝጋሚ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ገበሬ ደስታ አሸንፏት ማልቀስ ጀመረች። የቤቱ አሽከር በእንብርክኩ ወደ እሷ ተጠጋ።

«እመቤት፣ እዚህ ቤት እንዲያ አይደረግም። ስሙም አይጠራም። 'ጨው ፈሰሰ' ነው የምንለው።»

«ይቅርታ ጌታዬ። ጨው ነው የፈሰሰኝ።»

ሺኖ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ደወሎቹን ብቻ ተመለከተች። አሽከሩ በአጠገቧ ሲያልፍ ለጨዋነቷ እጅ ነሣት።

በማግስቱ ረፋድ የውጩን ቤተ መቅደስ ተሳልመው ወደ ውስጠኛው ሄዱ። ከድልድዩ ራስ ላይ ያልተቀባ የእንጨት በር፣ ሁለት ምሰሶና ሁለት አግዳሚ፣ ቆሟል። ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ያልፋል። ሺኖ ከበሩ ፊት ስትደርስ እግሯ ተያዘ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስበው። እስካልተነገራት ድረስ ያሄይ ዛሬ ጠዋትም ምድጃው ድረስ ደርሷል። ከዚህ በር ወዲያ ሄዳ ስትመለስ ግን የምትሰማው አለ። መንገዱ ወደ ውስጥ ባጠረ ቁጥር ወደ ወንዙም ያጥራል።

«ከፈለግሽ እንመለስ» አለ ኪዩቤ ከኋላዋ። «እኔ ለማኅበሩ እነግራቸዋለሁ። ማንም አይቆጣሽም።»

«ሚዮ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አምስት። በአዲሱ ዓመት ስድስት… ምነው?»

ሺኖ ጎንበስ ብላ አለፈች።

በኢሱዙ ወንዝ ዳር፣ ድንጋይ በተነጠፈበት፣ እጇንና አፏን ታጠበች። ውኃው ከቅዝቃዜው የተነሣ ጥርስ ያማል። ዝግባዎቹ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው ነበሩ፤ ከሥራቸው የሚሄደው ሕዝብ ድምፁን ሳያዙት ዝቅ አድርጓል። ጠጠሩ ብቻ ከእግር ሥር ይንሿሿል። ደረጃውን ወጥተው አጥሩ ጋ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ማንም አይገባም። በሩ ላይ ነጭ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ ገልጦት ውስጡን ያየ ሰው ጸሎቱ ተሰማለት ይባላል።

ሺኖ ሁለት ጊዜ ጎንበስ አለች። የቤቶቹን ስም ከመንደሩ ግርጌ ጀመረች፤ ከወፍጮው ቤት፣ በመንገዱ ቅደም ተከተል ወደ ላይ። በየቤቱ የተኙትን በስማቸው ጠራች። የኪዩቤ ቤት አሥራ አራተኛ ነበር። «ሚዮ» ስትል ሽማግሌው አጠገቧ ግንባሩን ጠጠሩ ላይ ደፋ። የዴንጂ ቤት ሃያ ሁለተኛ ነው። ከዚያ በላይ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ የእሷ ቤት ብቻ ቀረ።

አፏ ቆመ።

ያሄይን አድኚልኝ ብትል፣ ከማታውቀው ነገር ተነሥታ ታላቋን አምላክ መሸንገል ነው። ስሙን ብትዘል ደግሞ ሰምታለች ማለት ነው፤ ሃያ ሁለቱ ስሞች ሁሉ ከእሷ ጋር ይረክሳሉ። ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ኪዩቤ ቀና ብሎ አያት፤ ፍርሃቱን መደበቅ አልቻለም።

ሺኖ ባርኔጣውን ከራሷ ፈታች። ስሙ ወደ መጋረጃው እንዲሆን አድርጋ ጠጠሩ ላይ አስቀመጠችው።

«የኩዙሃራው ያሄይ ነኝ» አለች። «መጥቻለሁ።»

ሁለቴ አጨበጨበች፣ ጎንበስ አለች። መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም። ነፋስ አልነበረም።

የሰሌዳውን ሣጥን ተቀብለው ወደ ሚያ ወንዝ ሲመለሱ ፀሐይ ገና ከኮረብታው በላይ ነበረች። ማጎሺቺና ዴንጂ የተንበረከኩበት ቦታ ተቀምጠው ነበር፤ እዚያው አድረዋል። ሺኖ ከጀልባው እንደወረደች ሣጥኑን ከጀርባዋ ፈትታ ለኪዩቤ በሁለት እጇ ሰጠችው።

«ይራቁ አባባ። ሃምሳ እርምጃ ይራቁ፤ ጆሮዎን ይያዙ። ከእኛ ጋር እሳትና ውኃ እንዳይጋሩ። ኩዙሃራ ድረስ ከፊት ፊት ይሂዱ፤ እኔ ከኋላ እመጣለሁ።»

ኪዩቤ ሣጥኑን ጀርባው ላይ አሰረ። ከዚያ፣ ለማኅበሩ አለቃ እንኳ አንገቱን የማይደፋው ሰው፣ ለእሷ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሄደ። ርቆ እስኪቆም ድረስ ጠበቀች። አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ ልብሷን አስተካከለች።

«አሁን ንገሩኝ።»

ሁለቱ ተያዩ። «እትዬ» አለ ማጎሺቺ። «ወንድሜ… በወሩ አሥራ ሦስተኛ ቀን፣ ማለዳ። አረፈ።»

እሷ ከቤት በወጣች በሦስተኛው ቀን ማለት ነው። ወንዙን ተመለከተች።

«ገበታውን አስቀምጦ ነበር?»

«አስቀምጦ ነበር። ምድጃው አጠገብ ወድቆ ነው ያገኘነው። የገበታውን ሳህን ግን ከመደቡ ላይ በወጉ አስቀምጦታል። ሚስቴ ክዳኑን ከፍታ አየችው።» ማጎሺቺ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ጤዛ ነበረው፣ እትዬ። ብዙ ጤዛ። 'እሷስ ደኅና ናት' ተባባልን።»

ሺኖ ራሷን ነቀነቀች። አሥራ ሦስቱ ወር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቆጠር ጀመረ።

ስድስት ቀን ተጓዙ። ሣጥኑ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ። በየማደሪያው ኪዩቤ አንድ ቤት፣ እነሱ ሌላ ቤት አደሩ። ኩዙሃራ ሲደርሱ ሕዝቡ ሰሌዳውን በመንደሩ ግርጌ ተቀበለው፤ ሺኖ ግን በመስኩ ዞራ ወደ ቤቷ ገባች። ትኩሳቱ ያን ወር ቀለል አለ። ሚዮ ከአልጋዋ ተነሣች፤ የወፍጮው ቤት ሕፃን ግን አልተነሣም። በማኅበሩ መዝገብ ላይ የዚያ ዓመት ወኪል እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፦ «ያሄይ፤ በዘጠነኛው ወር፣ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ተሳልሟል።» ያሄይ የሞተበትን ቀን ያላወቀ ሰው በመንደሩ አልነበረም፤ ግን ማንም አላረመውም።

ሺኖ ምድጃውን አነደደች። ክዳን ያለውን ሳህን አጥባ መደርደሪያው ላይ መለሰችው። አሁን በዚያ ቤት፣ እሷ መንገድ ብትወጣ ገበታ የሚያስቀምጥላት ሰው የለም።